የወንድሞች ካሳ፦ ሰንሐሪብ የተባለው ስም

ሰንሐሪብ ዛሬ በአሦራውያን ዘንድ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰማ የወንድ ስም ነው። የአማርኛ አንባቢም ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በሌላ አጠራርና በሌላ ስሜት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ሰናክሬም የተባለው፣ የይሁዳን ከተሞች የዘረፈው፣ ሠራዊቱ በኢየሩሳሌም ደጅ በአንድ ሌሊት በመልአክ የተቀሠፈው የአሦር ንጉሥ ስም ነው። በየዐውደ ምሕረቱ ሰናክሬም የሚነሣው የትዕቢተኛ ምሳሌ ሆኖ ነው። ስሙ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ለጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ከጦርነትም ከትዕቢትም የራቀ ነው፤ ልጅ ከሞተበት ቤት የወጣ የመጽናኛ ስም ነውና።

ሦስት ቃላት

ስሙ በመጀመሪያ መልኩ «ሲን-አኄ-ኤሪባ» ይባል ነበር። ቋንቋው አካድኛ ነው፤ በአሦርና በባቢሎን ይነገር የነበረ፣ ከግእዝ፣ ከዕብራይስጥ፣ ከአረማይስጥና ከዓረብኛ ጋር በአንድ የሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ የሚቆጠር ጥንታዊ ልሳን። ዝምድናውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሦስቱ ቃላት መካከለኛው «አኄ» ወንድሞች ማለት ሲሆን፣ ግእዝ አንዱን ወንድም «እኁ»፣ ብዙዎቹን «አኃው» ይላቸዋል።

የመጀመሪያው ቃል «ሲን» የጨረቃ አምላክ ስም ነው። ይህ አምላክ በደቡብ መስጴጦምያ በዑር፣ በሰሜን ደግሞ አብርሃም ከአባቱ ጋር በተቀመጠባት በካራን ታላላቅ ቤተ መቅደሶች ነበሩት። ሦስተኛው ቃል «ኤሪባ» ግሥ ነው፤ የጠፋን ነገር መተካት፣ የደረሰን ጉዳት መካስ ማለት ነው። ሦስቱ ሲገጠሙ «ሲን ወንድሞችን ተካ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። የአካድኛ የሰው ስሞች በአብዛኛው እንዲህ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ያላቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ወላጅ አምላኩን የሚያመሰግንበት፣ የሚማጠንበት ወይም የደረሰለትን የሚመሰክርበት ቃል በልጁ ላይ ስም ሆኖ ይቀራል። ተካልኝ ወይም ይኩኖ አምላክ የሚሉ ስሞችን ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም።

በሸክላ ላይ ሲጻፍ ደግሞ ስሙ ሌላ መልክ ይይዛል። የአሦር ጸሐፊ ቃላቱን ድምፅ በድምፅ ማስፈር ይችል ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን በአቋራጭ ይጽፋቸዋል። ከፊት አንድ ቀጥ ያለ ምልክት ያቆማል፤ የሚከተለው የወንድ ስም ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የኮከብ ምልክት ያኖራል፤ ይህም አምላክ መጠራቱን ያሳያል። የአምላኩን ስም ግን በፊደል አይጽፍም፤ 30 የሚለውን ቁጥር ያስቀምጣል። የጨረቃ ወር 30 ቀን ስለሚሞላ የሲን ምሥጢራዊ ቁጥር 30 ነበር። ከዚያ የወንድም ምልክት ከብዙ ቁጥር ማሳያው ጋር፣ በመጨረሻም የመካስ ምልክት ይከተላል። ጥቂት የሸምበቆ ጭረቶች ናቸው፤ የሚያነበው ጸሐፊ ግን ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል።

የምትክ ልጆች

በጥንቱ ዓለም ከተወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ ለአካለ መጠን አይደርሱም ነበር። ቤተ መንግሥትም ከዚህ አላመለጠም። ስለዚህ በአካድኛ ስሞች መካከል ሊቃውንት «የምትክ ስሞች» የሚሏቸው ብዙ ናቸው። ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ፣ ወይም አያት በሞተ ማግሥት የልጅ ልጅ ሲመጣ የሚሰጡ ናቸው። ኤሪባ-አዳድ የተባሉ ሁለት የአሦር ነገሥታት ነበሩ፤ አዳድ የአምላክ ስም ነውና ትርጉሙ «አዳድ ተካ» ነው። በባቢሎን ደግሞ ኤሪባ-ማርዱክ ነግሧል። ልማዱ የአሦር ብቻ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ሔዋን ሦስተኛ ልጇን ሴት ያለችው በተገደለው በአቤል ፈንታ ስለተሰጣት ነው። ምናሴ የሚለው ስም ማስረሳትን፣ ነህምያ መጽናናትን ይዟል።

በኢትዮጵያም ምትኩ፣ ተካ፣ ካሳ፣ ካሳሁንና ማስረሻ ከዚሁ ስሜት የተወለዱ ስሞች ናቸው። ጎረቤት «ይካስሽ» ያላት እናት ቀጣዩን ልጇን ካሳ ብትለው ታሪኩ ለማንም አይደበቅም። ሲን-አኄ-ኤሪባም በነነዌ ሰው ጆሮ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

> ስሙን የሰማ ሁሉ ከዚህ ልጅ በፊት በዚያ ቤት ወንዶች ልጆች መቀበራቸውን ይረዳ ነበር።

የስሙ ባለቤት የዳግማዊ ሳርጎን ልጅ ነው። ሳርጎን በ722 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲነግሥ ሰናክሬም ቀድሞ የተወለደ፣ ያደገም ልጅ ነበር። ስለዚህ ስሙ የወጣለት በአልጋ ወራሽነት አልነበረም። ከእርሱ በፊት የተወለዱት ወንድሞቹ ማን ይባሉ እንደነበር በጽሑፍ አልቀረም፤ መኖራቸውንና መሞታቸውን የሚናገረው ይኸው ስም ነው። የንጉሥ ዜና መዋዕሎች ድልና ምርኮ እንጂ የሕፃን ሞት አይመዘግቡምና፣ የአንድ ቤተሰብ ሐዘን በስም ብቻ ተጠብቆ መቆየቱ የሚደንቅ ነው።

ወንድም የበዛበት ቤት

የዚህን ሥርወ መንግሥት ስሞች ተራ በተራ ለተመለከተ፣ ወራሽና ወንድም የሚሉት ሐሳቦች ደጋግመው ይመጡበታል። የሰናክሬም የበኩር ልጅ አሹር-ናዲን-ሹሚ ይባላል። «ሹሙ» ከግእዙና ከአማርኛው «ስም» ጋር አንድ ቃል ነው፤ አሹርም የአሦር አምላክ ነው፤ ትርጉሙ «ስም የሚሰጥ አሹር ነው» ይሆናል፤ ስም ማለት ደግሞ ዘር፣ አባቱን የሚያስጠራ ልጅ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ አስራዶን የሚለው ሌላው ልጅ በአካድኛ አሹር-አኃ-ኢዲና ነው፤ «አሹር ወንድም ሰጠ» ማለት። የልጅ ልጁ የአሹርባኒፓል ስምም «ወራሽን የፈጠረ አሹር ነው» ይላል።

ስሞቹ ሁሉ ወንድምና ወራሽ እንዲበዛ ይመኛሉ። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን አደረገ። ሰናክሬም የበኩር ልጁን በባቢሎን ላይ ቢያነግሠው፣ ባቢሎናውያን በ694 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለዔላማውያን አሳልፈው ሰጡት፤ ዳግመኛም አልታየ። አባትየው ከዓመታት ጦርነት በኋላ በ689 ባቢሎንን አፈረሳት። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚያ ቁጣ በስተጀርባ ልጁን ያጣ አባት ይታያቸዋል፤ ይህ ግምት ከነገሩ አካሄድ ጋር የሚስማማ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰናክሬም ታላላቆቹን አልፎ ታናሹን አስራዶንን አልጋ ወራሽ አደረገ። በ681 ከክርስቶስ ልደት በፊት የራሱ ልጅ ገደለው። መጽሐፈ ነገሥት ገዳዮቹን አደራሜሌክና ሳራሳር ይላቸዋል። በ1980 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ፊንላንዳዊው የአሦር ጥናት ሊቅ ሲሞ ፓርፖላ አንድ የተሰባበረ ደብዳቤ እንደገና አንብቦ አደራሜሌክ የተባለው ልዑል አርዳ-ሙሊሱ መሆኑን አሳየ። ደብዳቤው የሚተርከው ነገር ከማንኛውም ልብ ወለድ ይብሳል። የሤራውን ወሬ የሰማ አንድ ሰው ለንጉሡ ሊነግር ይመጣል። ሹማምንቱ ፊቱን ሸፍነው ያስገቡታል፤ ያቀረቡት ግን ንጉሡ ፊት ሳይሆን አርዳ-ሙሊሱ ራሱ ፊት ነበር። ሰውዬው በንጉሡ ፊት የቆመ መስሎት «ልጅህ አርዳ-ሙሊሱ ሊገድልህ ነው» ብሎ ይናገራል። ያን ጊዜ ፊቱን ገለጡለት፤ ጠየቁት፤ ገደሉትም።

አስራዶን ወንድሞቹን በጦር አባርሮ ነገሠ። በቀጣዩም ትውልድ አሹርባኒፓል የባቢሎን ንጉሥ ከነበረው ወንድሙ ጋር ከ652 እስከ 648 ተዋጋ። የወንድም ምትክ ሆኖ በተወለደ ሰው ቤት ውስጥ ወንድም ለወንድም አልተኛም።

በኖራ ድንጋይ ላይ የተጻፈ

ከሞሱል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በኮረብታዎቹ ግርጌ፣ ጀርዋን የምትባል የየዚዲዎች መንደር አለች። በመንደሯ አጠገብ አንድ ጥልቅ ያልሆነ ሸለቆ ይታያል፤ ሸለቆውን ያቋረጠው ደግሞ በልክ የተጠረበ የነጭ ኖራ ድንጋይ ክምር ነው። ርዝመቱ ወደ 280 ሜትር፣ ወርዱ 22 ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገደኛ ከሩቅ ሲያየው የፈረሰ መንገድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ድልድይ ነው፤ በላዩ የሚያልፈው ውኃ ነበር። ሰናክሬም ከክኒስ ተራራማ አካባቢ ያስጠለፈው ውኃ በቦይ ተጉዞ እዚህ ሲደርስ ሸለቆውን በዚህ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ነነዌ ይወርድ ነበር። ለሥራው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ድንጋይ እንደገባ ይገመታል። ሮማውያን በውኃ ድልድዮቻቸው ከመታወቃቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሠራ ነው።

በ1933 ቦታውን የቆፈሩት ተመራማሪዎች ቶርኪልድ ጃኮብሰንና ሴቶን ሎይድ ድንጋዮቹን አገላብጠው ሲመለከቱ የንጉሡን ስም በላያቸው አገኙ። አንዳንዱ በሰው ዓይን ሊታይ በማይችል ጎን ላይ ተቀርጿል፤ ሌሎቹ ደግሞ ንጉሡ ቦዩን ማስቆፈሩን፣ በሸለቆዎች ላይ በነጭ ድንጋይ ድልድይ ማሠራቱን ይተርካሉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለዘመኑ ሰው ብቻ ሳይሆን ለአማልክትና ለሚመጡት ነገሥታት የተጻፈ ነው።

ይህ የሰናክሬም ገጽታ በስብከት አይሰማም። አባቱ ሳርጎን በ705 ከክርስቶስ ልደት በፊት በአናቶልያ በጦርነት ሞቶ ሬሳው ሳይገኝ ሲቀር፣ አዲሱ ንጉሥ የአባቱን አዲስ ከተማ ትቶ ነነዌን ዋና ከተማው አደረጋት። ቅጥሯን አሰፋ፤ አትክልት አስተከለ፤ ተወዳዳሪ የለውም ያለውን ቤተ መንግሥት ሠራ። እንግሊዛዊቷ ምሁር ስቴፋኒ ዳሊ በባቢሎን ነበር የሚባለው ዝነኛው «ተንጠልጣይ አትክልት» በእውነቱ የሰናክሬም የነነዌ አትክልት ነው እስከ ማለት ደርሳለች። ሁሉም አልተቀበላትም፤ በባቢሎን እስካሁን አሳማኝ ማስረጃ አለመገኘቱ ግን ክርክሯን አበርትቶላታል።

የነነዌ በሮች በ2016 ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ በሚጠራው ቡድን በቡልዶዘር ፈርሰዋል። ከእነርሱ አንዱ በሆነው በማሽኪ በር የጥገና ሥራ ሲካሄድ፣ በ2022 በሰናክሬም ዘመን የተቀረጹ የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ከመሬት ተገኙ። የላይኛው ክፍላቸው ከጥንት ጀምሮ ተሸርፏል። የተቀበረው ክፍል ግን ቀስተኞችን፣ ተራሮችንና የወይን ተክሎችን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

በይሁዳ ደጅ

ስሙን በዓለም ያናኘው ግን ውኃ ሳይሆን የ701 ከክርስቶስ ልደት በፊት ዘመቻ ነው። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ አልገብርም አለ። ሰናክሬም ወርዶ የተመሸጉ ከተሞቹን ያዘ። ለኪሶ የተባለችው ከተማ ስትከበብና ስትወድቅ የሚያሳዩት ቅርጾች የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ጌጥ ነበሩ፤ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያሉ። በዚያው ሙዚየም ያለው ባለ ስድስት ገጽ የሸክላ ዓምድም የንጉሡን ቃል ይዟል። 46 የተመሸጉ ከተሞችን መያዙን፣ ሕዝቅያስን በቤቱ እንደ ወፍ ቆልፎበት መክረሙን፣ ብዙ ግብር መቀበሉን ይዘረዝራል። ኢየሩሳሌምን ያዝሁ ግን አይልም። መጽሐፍ ቅዱስም አልያዛትም ይላል። ሁለቱ ወገኖች ስለ ወርቁ መጠን እንኳ አይጣሉም፤ ሁለቱም 30 መክሊት ይላሉ። የሚለያዩት ንጉሡ ለምን ተመለሰ በሚለው ላይ ነው።

በዚሁ ታሪክ ላይ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» ሕዝቅያስን ሊረዳ መውጣቱ ተጽፏል። ቲርሐቅ በዛሬዋ ሱዳን በናፓታ መቀመጫ ከነበራቸውና ግብፅንም ከገዙት የኩሽ ነገሥታት አንዱ ነው። በ701 ገና ልዑል ነበር፤ የነገሠው በ690 ነው። መጽሐፉ በኋላ ባገኘው ማዕርግ ጠራው ማለት ነው። የወንድሞች ምትክ የሆነው ንጉሥ ግብፅን ሳይረግጥ ቀረ፤ በ671 ሜምፎስን ከቲርሐቅ እጅ የነጠቀው ልጁ አስራዶን ነው።

ሰንሐሪብ እንዴት ሰናክሬም ሆነ

ነነዌ በ612 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደቀች፤ አካድኛም ቀስ በቀስ ከሰው አፍ ጠፋ። ስሙ ግን በሌሎች ቋንቋዎች ላይ ተሳፍሮ ተረፈ። በግብፅ በዝሆን ደሴት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ አንድ የአረማይስጥ ፓፒረስ አለ። የሰናክሬምና የአስራዶን አማካሪ የነበረውን የጠቢቡን የአኪቃርን ታሪክ ይነግራል። አኪቃር በመጽሐፈ ጦቢትም ይገኛል፤ በግእዝም የምክር ቃሎቹ ከፊል በመጽሐፈ ፈላስፋ ሐይቃር በሚል ስም ገብተዋል። በዚህ በኩል ንጉሡ የጥበብ ተረት ባለ ግቢ ሆኖ ኖረ።

ዕብራይስጡ ስሙን አሳጥሮ ሳንሔሪብ አለው፤ የመካከሉ አናባቢዎች ተዋጡ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ሳናካሪቦስ ይለዋል፤ ሠራዊቱ የተበተነው አይጦች ሌሊት የቀስቱን ጅማት በልተውበት ነው ሲልም ይተርካል። በግሪኩ ብሉይ ኪዳን ውስጥ ግን የመጨረሻው «ብ» ወደ «ም» ተለወጠ፤ ሁለቱም ከከንፈር የሚወጡ ድምፆች ናቸው። በጉሮሮ የሚነገረውንም «ሐ» ግሪኮች ክርስቶስ በሚለው ስም መጀመሪያ በሚጽፉት ፊደል ጻፉት። በአክሱም ዘመን ብሉይ ኪዳን ወደ ግእዝ የተመለሰው ከግሪኩ በመሆኑ ስሙም «ክ»ን እና «ም»ን ይዞ ሰናክሬም ሆኖ ገባ። ላቲኑ ግን «ብ»ን አልለቀቀም፤ የአውሮፓ ቋንቋዎችም እርሱን ተከተሉ።

አርመኖችም እንደ ኢትዮጵያውያን የግሪኩን መንገድ ስለያዙ ሴኔኬሪም ይሉታል። ከዚያም አልፈው ልጆቻቸውን ጠርተውበታል። በመጽሐፈ ነገሥት የንጉሡ ገዳዮች ወደ አራራት አገር ሸሹ ይላል። አርጽሩኒ የተባለው የአርመን መስፍን ቤት ከእነዚያ ሸሽተው ከመጡ ልጆች ተወለድን ይል ነበር። ከዚህ ቤት የወጣው ሴኔኬሪም ዮሐንስ በ1021 የቫስፑራካን መንግሥቱን ለቢዛንታይን አስረክቦ ወደ ሰባስትያ ሄደ። የገዳዮቹ ዘር ነን ባዮች የተገዳዩን ስም ለንጉሣቸው መስጠታቸው ያስገርማል።

የአይሁድ መምህራንም ስሙን በእርግማን ብቻ አልተዉትም። ታልሙድ ሸማያና አብጣልዮን የተባሉት ሁለት ታላላቅ መምህራን ከሰናክሬም ዘር ናቸው ይላል።

የተጠመቀው ንጉሥ

ከሞሱል በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከጥንቷ ከተማ ከናምሩድ ፍርስራሽ ብዙም ሳይርቅ፣ በሜዳ ላይ የማር ቤህናም ገዳም ይገኛል። ማር በሶርያውያን አነጋገር «ጌታዬ» ማለት ሲሆን የቅዱሳን መጠሪያ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠራቢዎች ያጌጧቸው በሮች አሉ። የሰማዕቱ መቃብር ከዋናው ሕንፃ ለብቻው ነበር፤ በመጋቢት 2015 ታጣቂዎች በፈንጂ አፈረሱት። ገዳሙ ነፃ ከወጣ በኋላ መቃብሩ እንደገና ተሠርቷል።

የገዳሙ ገድል እንደሚለው ቤህናም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ የንጉሥ ልጅ ነው። የአባቱም ስም ሰንሐሪብ። ልዑሉ ለአደን ወጥቶ በተራራ ላይ ከመነኩሴው ከማር ማታይ ጋር ይገናኛል፤ መነኩሴው ለምጽ የያዛትን እኅቱን ሣራን ይፈውሳታል። ሁለቱም ከ40 ባልንጀሮቻቸው ጋር ይጠመቃሉ። አባታቸው ተቆጥቶ ያስገድላቸዋል። በኋላ ግን እርሱ ራሱ ታሞ በዚያው መነኩሴ ጸሎት ይድናል፤ ንስሐ ይገባል፤ ገዳም ይተክላል።

በዚያ ዘመን አገሩን የሚገዙት ፋርሶች ናቸውና ሰንሐሪብ የተባለ ንጉሥ በታሪክ መዛግብት አይገኝም። የገድሉ ቁም ነገር ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በናምሩድና በነነዌ ጥላ ሥር የሚኖር ክርስቲያን ሕዝብ የአካባቢውን ታላቅ ጥንታዊ ንጉሥ ስም አልጣለውም። ልጆቹን አስገደለው፤ ከዚያ አሳዘነው፤ በመጨረሻ አጠመቀው።

> መጽሐፍ ቅዱስ ሰናክሬምን በጣዖት ቤት ሲሰግድ ገደለው፤ የአገሩ ገድል ግን ንስሐ አስገባው።

እንደገና ስም ሆኖ መውጣት

ይሁን እንጂ ለብዙ መቶ ዓመታት ልጁን ሰንሐሪብ ያለ አሦራዊ ብዙም አይታወቅም። የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያንና የሶርያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ስም ከጥምቀት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ጊዎርጊስ፣ ዮሐናን፣ ሺሙን፣ አፍሬም። ኦዲሾ «የኢየሱስ አገልጋይ» ነው፤ ገብረ ኢየሱስ እንደ ማለት። ኮሻባ «እሑድ» ነው። ዲንኻ የጌታ መገለጥ በዓልን የሚያስታውስ ነው። በእነዚህ መካከል ኢየሩሳሌምን የከበበ ንጉሥ ስም ቦታ አልነበረውም።

ነገሩን የለወጠው ቁፋሮ ነው። በ1840ዎቹ ኦስተን ሄንሪ ላያርድ የናምሩድንና የነነዌን ቤተ መንግሥቶች ሲያወጣ፣ በስም ብቻ ይታወቁ የነበሩ ነገሥታት ፊት አገኙ። የላያርድ ቀኝ እጅ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም በ1826 በሞሱል የተወለደ የአገሩ ክርስቲያን ነበር፤ በ1853 የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት ያገኘው እርሱ ነው። ይህ ሰው ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እንግሊዞች የታሰሩ ሰዎቻቸውን እንዲያስፈታ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የላኩት መልእክተኛ፣ በመቅደላ ታስሮ በሚያዝያ 1868 የተፈታው ራሳም ይኸው ነው። የነነዌን የሸክላ መጻሕፍት ያወጣው ሰው ያሰረው ንጉሥ ከመንገሡ በፊት ካሳ ይባል ነበር፤ «ኤሪባ» በአማርኛ ሲፈታ የሚያገኘው ቃል ነው። አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ሊታለፍ የሚገባው አጋጣሚ አይደለም።

ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቶች፣ በጋዜጦችና በማኅበራት በኩል ጥንታዊው ታሪክ ወደ ሕዝቡ ተመለሰ። በ1915 የኦቶማን ግዛት ክርስቲያኖች ላይ የደረሰው ዕልቂት፣ በ1933ም በኢራቅ በሲሜሌ የተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ ስምን የህልውና ጉዳይ አደረጉት። አሹር፣ ሳርጎን፣ ኒኖስ፣ ሴቶቹ ደግሞ ሻሚራም መባል ያዙ። በቱርክ የ1934 የቤተሰብ ስም ሕግ ብዙዎችን የቱርክኛ መጠሪያ እንዲይዙ ሲያስገድድ፣ ለልጅ የጥንት ነገሥታትን ስም ማውጣት «ማን እንደሆንን አልረሳንም» የማለት ያህል ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ሰንሐሪብ ለምን ብርቅ ሆኖ ቀረ? በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሰሙት ምክንያቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የእምነት አባቶች የሚያነሡት መጽሐፍ ቅዱስን ነው፤ በነቢዩ በኢሳይያስ የተዘለፈ ሰው ስም በቅዱስ ውኃ ላይ ሲጠራ ለጆሮ ይከብዳል ይላሉ። የብሔር ስሜት ያላቸው ወጣቶች በተቃራኒው በንጉሡ ላይ በጠላቶቹ ብዕር ብቻ መፍረድ ግፍ ነው ባዮች ናቸው፤ ቦዩንና ከተማውን ይጠቅሳሉ። ራሳቸውን አራማውያን ወይም ሶርያውያን ማለትን የሚመርጡት ደግሞ ስሙን የሌላ ወገን ዓርማ አድርገው ያዩታል። በስዊድን፣ በጀርመን ወይም በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ሐሳብ ይበልጥ የቀለለ ነው፤ ስሙ ረጅም ነው፣ አስተማሪው በትክክል አይጠራውም፣ ሳርጎን ይሻላል ይላሉ። ከሁሉ የሚያመዝነው የመጀመሪያው ይመስላል። ሳርጎን በኢሳይያስ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣል፤ ሰናክሬም ግን ሙሉ ምዕራፎችን ይዟል።

ስሙ የወጣላቸው ግን አሉ። በይበልጥ የታወቀው በ1984 በሶርያ በቃሚሽሊ ከተማ የተወለደው እግር ኳስ ተጫዋች ሰንሐሪብ መልኪ ነው፤ በቤልጅየምና በኔዘርላንድስ ክለቦች፣ ለሶርያ ብሔራዊ ቡድንም በአጥቂነት ተጫውቷል። ቃሚሽሊ በቱርክ ካለው ከቱር ዐብዲን የተሰደዱ ቤተሰቦች የኖሩባት የድንበር ከተማ ናት፤ በዚያ በሚነገረው ምዕራባዊ ዘዬ «ሐ» ጥርት ብሎ ይሰማል። በኢራቅና በኢራን በሚነገሩት ምሥራቃዊ ዘዬዎች ግን ይኸው ድምፅ ወደ «ኸ» ስለሚዞር ስሙ ሳንኸሪብ ይሆናል።

አጻጻፉ እንደየአገሩ ቢለያይም የስሙ የጥንት ትርጉም ዛሬ የስም አወጣጡ መመዘኛ አይደለም። ሰንሐሪብ የሚባለው ሕፃን ከእርሱ በፊት የሞቱ ወንድሞች ይኑሩት አይኑሩት የሚጠይቅ የለም፤ ለበኩር ልጅም ይሰጣል።